ሳይመረመር የተፈረደበት

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ በከንቱ አልተናገሩም። በየቤቱ የሚነሣው ቅያሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ነገሩን ከሥሩ ሳይሆን ከጫፉ በመያዝ ነው። ማሰሮ ሲሰበር በመጨረሻ የነካችው ልጅ ትቈጣለች፤ ማሰሮው ግን አስቀድሞ ተሰንጥቆ እንደ ነበረ የሚመረምር አይገኝም። በዚህ ወር ልናቀርብላችሁ ያሰብነው በገዛ ቤታችን የደረሰውን ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ኮምፒዩተር በቤቱ ላለው ሰው የጥገና ትምህርት፥ ለሌለው ሰው ደግሞ የፍርድ ትምህርት ይሆነዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በሳሎናችን ማዕዘን፥ በመስኮቱ አጠገብ፥ ከተገዛ ሰባት ዓመት ያህል የሆነው አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር አለ። ልጆቻችን ትምህርታቸውን ይሠሩበታል፤ የክርስትናውም፥ የሠርጉም፥ የምረቃውም ፎቶግራፍ በእርሱ ተቀምጧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊነት ለእኛ ከተሰጠ ወዲህ የ118 አባወራዎች መዋጮ፥ ቅጣትና ለሐዘንተኛ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ የሚመዘገበው በእርሱ ላይ ነው። የወረቀቱ ደረሰኝ በሣጥን ቢኖርም የተደመረውና የተቀነሰው ሒሳብ ያለው በኮምፒዩተሩ ብቻ ነበር። ይህ የእኛ የመጀመሪያው ስሕተት እንደ ነበረ አሁን እናምናለን።

ኮምፒዩተሩ የሚተዳደርበት ሥርዓት ዊንዶውስ 10 የተባለው ነበረ። ሠሪው ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጠው የነበረውን የተለመደ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ታላቁ ልጃችን «አባባ፥ የጥበቃ እድሳት የማያገኝ ኮምፒዩተር አጥሩ እንደ ፈረሰ ግቢ ነውና ወደ ዊንዶውስ 11 እናሻግረው» ብሎ ጠየቀን። እኛም ጋዜጣ እያነበብን «መልካም ነው» አልነው። ልጁ በግምት አልጀመረም። አዲሱ ሥርዓት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ቦታና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍል እንደሚፈልግ አይቶ፥ የእኛ ኮምፒዩተር ሁሉን እንደሚያሟላ አረጋግጦ፥ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ጫነው። ቅዳሜና እሑድ ያለ ችግር አለፈ።

ሰኞ ማታ የዕድሩን ሒሳብ ስንጽፍ ስክሪኑ በድንገት ጠቈረ፤ ችግር ስለ ደረሰበት እንደ ገና እንደሚነሣ የሚናገር ጽሑፍ አሳየን፤ ከዚያም ጠፍቶ በራሱ ተነሣ። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ፥ ረቡዕ ሦስት ጊዜ ይኸው ሆነ። የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የተጠራው ለእሑድ ኅዳር 28 ስለ ነበረ ጭንቀት ያዘን። በጭንቀታችንም ላይ ቍጣ ጨመርንበት። ማክሰኞ ማታ በእራት ላይ፥ በታናናሾቹ ፊት፥ «ደኅና ሲሠራ የኖረውን ዕቃ አንተ ነክተህ አበላሸኸው፤ የሰው ገንዘብ ብታጠፋ ማን ይመልስልሃል?» አልነው። ልጁ ቃል ሳይመልስ እንጀራውን ትቶ ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ከገበታ ስንነሣ ይመጣል፤ እኛ ስንቀመጥ ይወጣል። እናቱ ይህን እያየች ዝም አለች፤ የእርስዋ ዝምታ ግን ከወቀሳ ይልቅ ይከብድ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ጥርጣሬያችን ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። የኮምፒዩተር ሥርዓት ማለት በዕቃው አካልና በምንሠራበት ፕሮግራም መካከል ቆሞ ሁሉን የሚያዝዝ ነው። ለእያንዳንዱ አካል፥ ይኸውም ለስዕል ካርዱ፥ ለድምፁ፥ ለማተሚያው፥ ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው ለአሮጌው ሥርዓት የተዘጋጀ ከሆነና ከአዲሱ ጋር ካልተግባባ መላው ኮምፒዩተር ሊወድቅ ይችላል። እድሳት በእርግጥ ጥፋት ያመጣበት ጊዜም አለ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ለደንበኞቹ የላከው አንድ ጕድለት ያለበት ፋይል፥ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን ጣለ። አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችም ቀጠሮ ሰረዙ። ድርጅቱ ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያርመውም፥ አስቀድመው የተቀበሉት ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በሰው እጅ አንድ በአንድ መጠገን ነበረባቸው። እንግዲህ አዲሱን ሥርዓት መጠርጠር ተገቢ ነው። ነገር ግን መጠርጠር ሌላ፥ መፍረድ ሌላ ነው። «ከእርሱ በኋላ መጣ» ማለትና «በእርሱ ምክንያት መጣ» ማለት በአነጋገር ይቀራረባሉ፤ በእውነት ግን በጣም ይራራቃሉ።

ልጃችን የተሰማውን ኀዘን በልቡ ይዞ ሥራውን በሥርዓት ጀመረ። እኛም በሩቅ ሆነን እናየው ነበር። በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ጥገና አልነበረም፤ ሰነዱን ማዳን ነበረ። ቤት ሲቃጠል አስቀድሞ ሕፃኑ ይወጣል እንጂ የእሳቱ ምክንያት አይጠየቅም። ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሪስታርት የሚለውን በማዘዝ ኮምፒዩተሩን ወደ መጠገኛው ገጽ አገባው፤ ከዚያም ትራብልሹት፥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፥ ስታርትአፕ ሴቲንግስ የሚሉትን ተከትሎ ሴፍ ሞድ ወደ ተባለው አሠራር ደረሰ። ሴፍ ሞድ ማለት ኮምፒዩተሩ እጅግ አስፈላጊ በሆኑት ድራይቨሮች ብቻ የሚነሣበት መንገድ ነው። በዚህም ሳለ የዕድሩን መዝገብና ፎቶግራፎቹን በሁለት ፍላሽ ገለበጠ፤ አንዱን ለእናቱ ሰጣት፤ ሁለተኛውን በጠረጴዛችን ላይ አኖረልን፤ ያኖረውም አንዳች ሳይናገር ነው።

ቀጥሎ ያደረገው ደብተር መክፈት ነበር። ኮምፒዩተሩ የወደቀበትን ቀንና ሰዓት፥ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረውን ሥራ፥ በስክሪኑ ላይ የታየውንም የስሕተት ስም ጻፈ። ይህ ልማድ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአውሮፓ አቈጣጠር መስከረም 9 ቀን 1947 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የተባለው ኮምፒዩተር ሲያስቸግር፥ ሠራተኞቹ መርምረው በአንዱ ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት አገኙ፤ በመዝገባቸውም ላይ ለጥፈው ሰዓቱን ጻፉባት። ያ መዝገብ ዛሬም በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። እነዚያ ሰዎች መርምረው ያገኙትን ጻፉ እንጂ የገመቱትን አልጻፉም።

የደብተሩ ጥቅም ይህ ነው። ኮምፒዩተር ሲወድቅ ሦስት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። በመጀመሪያ፥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የስሕተት ስም እያሳየ፥ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፥ አንድ ድራይቨር ወይም አንድ ፕሮግራም ይጠረጠራል። በሁለተኛው፥ የስሕተቱ ስም በየጊዜው የሚለዋወጥ፥ ሥራውም የማይመሳሰል ከሆነ፥ ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ በብርቱ ይጠረጠራል። በሦስተኛው፥ አንድም ጽሑፍ ሳያሳይ መብራት እንደ ጠፋበት ቤት ድርግም የሚል ከሆነ፥ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ወይም ሙቀት ይጠረጠራል። ይህ ሚዛን ፍጹም ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን ምርመራው ከየት እንዲጀምር ያመለክታል። ቀድሞ ሰማያዊ የነበረው የስሕተት ስክሪን በዊንዶውስ 11 ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥቁር እንዲሆን ስለ ተደረገ፥ አንባብያን በቀለሙ እንዳይደነግጡ እናሳስባለን፤ የስሕተቱ ስም አሁንም ከታች ይጻፋል።

በልጃችን ደብተር ላይ አንድ ቀን «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፥ በሌላው ቀን «ፔጅ ፎልት»፥ በሦስተኛውም ሌላ ስም ተጽፎ ነበር። ልጁ ግን ከዚህ ተነሥቶ ወዲያው አልፈረደም። የቀረበበትን ክስ በቅንነት ለመመርመር ከራሱ ጥፋት ጀመረ፤ ማለት አዲሱን ሥርዓትና ድራይቨሮቹን አስቀደመ። የስዕል ካርዱን ድራይቨር ለዊንዶውስ 11 በተዘጋጀው ለወጠና ኮምፒዩተሩን አንድ ቀን ሙሉ አሠራው፤ ወደቀ። ሌላ ነገር ሳይነካ በሴፍ ሞድ ከፍቶ ለረጅም ሰዓት ተወው፤ በዚያም ወደቀ። ትርፍ ድራይቨር በማይሠራበት ሁኔታ ከወደቀ የድራይቨሩ ጥርጣሬ እጅግ ይቀንሳል። ልብ በሉ፤ በአንድ ጊዜ የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢድንለት እንኳ የትኛው መድኃኒት እንዳዳነው አያውቅም፤ ባይድን ደግሞ አዲስ በሽታ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

ዐርብ ቀን ሣጥኑን ከፈተው። አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለ፤ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረውን ኃይል አወጣ፤ በእጁ ያለው የሰውነት ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጐዳ የሣጥኑን ብረት ነካ። በማራገቢያው ላይ የሰባት ዓመት አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቱ ይዞ በለስላሳ ብሩሽ ጠረገው። የኮምፒዩተር አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀርብ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገማል፤ ከዚያም ካለፈ ያጠፋል። ስለዚህ አቧራን መጥረግ የውበት ነገር ብቻ አይደለም። ከተጠረገ በኋላ ኮምፒዩተሩ ድምፁ ጸጥ አለ፤ ሙቀቱም ወረደ። በማታው ግን እንደ ገና ወደቀ።

ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ትዕግሥታችን አለቀ። አዲሱ ሥርዓት ከተጫነ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ወደ አሮጌው መመለስ እንደሚቻል ሰምተን ነበርና፥ «ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷል፤ ዛሬውኑ መልሰው» ብለን አዘዝን። ልጁም ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየንና እንዲህ አለ። «አባባ፥ ጥፋቱ የእኔ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ እቀበላለሁ። ነገር ግን ችግሩ ከራሙ ከሆነ ስንመልሰው በመካከል ይወድቅና አሮጌውም አዲሱም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። አንድ ሌሊት ይስጡኝና ራሙን ልመርምር፤ ካልተገኘ ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

ይህን ጊዜ እናቱ ጣልቃ ገባች። «ለመሆኑ» አለች፥ «በፍልሰታ ጾም ሰሞን ይኸው ኮምፒዩተር ሁለት ጊዜ ድንገት ጠፍቶ አልነበረምን? ያን ጊዜ መብራት ነው ብለን ዝም አልን። የሳሎኑ አምፖል ግን ሁለቱንም ጊዜ አልጠፋም ነበር።» እኛም አስታወስን። ማስታወስ ብቻ ሳይሆን፥ አንደኛው የዕድሩን ሒሳብ ስንዘጋ የደረሰብን እንደ ነበረ ትዝ አለን። ያ ሁሉ የሆነው አዲሱ ሥርዓት ከመጫኑ ሦስት ወር አስቀድሞ ነው። አንባብያን ሆይ፤ የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ ክሱን የሚያጠነክርለትን ያስታውሳል፤ ክሱን የሚያፈርስበትን ይረሳል። የጠየቀውንም ሌሊት ፈቀድንለት።

ልጁ ሜምቴስት86 የተባለውን መመርመሪያ በፍላሽ ጭኖ ኮምፒዩተሩን በእርሱ አስነሣ። የዚህ ምርመራ ብልሃቱ ዊንዶውስ ሳይነሣ መሥራቱ ነው። በራሙ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቍጥር ይጽፋል፤ መልሶም ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው ካልተስማማ ስሕተቱን ይመዘግባል። ተከሳሹ ሥርዓት በሌለበት ስሕተት ከተገኘ፥ ተከሳሹ በዚያ ስሕተት አይጠየቅም ማለት ነው። በዊንዶውስ ውስጥም ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባል የዚህ ዓይነት መመርመሪያ አለ፤ ሥርዓቱ ከመነሣቱ በፊት ይሠራል። ሆኖም አጭር ምርመራ አንዳንዱን ጕድለት ሊያልፈው ስለሚችል፥ ሌሊቱን ሙሉ መተው ይሻላል።

በማግሥቱ እሑድ ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ስለ ነበረ ሁላችንም በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ኮምፒዩተሩ እየተመረመረ ቀረ። ከቅዳሴ ተመልሰን በሩን ስንከፍት ልጁ ነጠላውን ሳያወልቅ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ስሕተቱ በቀይ ተጽፎ ነበር፤ አንድና ሁለት ሳይሆን ብዙ። ልጁ አልጮኸም፤ አልተመካምም። ራሞቹ ከቦታቸው ላልተው እንደ ሆነ ብሎ ሁለቱንም አውጥቶ፥ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፥ በሚገባ አስገብቶ እንደ ገና መረመረ፤ ስሕተቱ አልጠፋም። ከዚያም አንዱን ብቻ ትቶ መረመረ፤ ንጹሕ ሆነ። ያን አውጥቶ ሁለተኛውን በዚያው ቦታ አስገብቶ መረመረ፤ ቀዩ ጽሑፍ ወዲያው ተመለሰ።

የታመመውን ራም በእጁ ይዞ ጥቂት ተመለከተውና ወደ እኛ አቀረበው። በላዩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የካቲት 2016» የሚል ተጽፎበት ነበር። ጽሕፈቱ የእኛ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ስለ ነበረው፥ ሥራው እንዲፈጥን ብለን፥ ዋስትና ሳንጠይቅ፥ በርካሽ፥ በሰው እጅ ያገለገለ ሁለተኛ ራም ገዝተን ያስገባነው እኛ ራሳችን ነን። ለጥንቃቄ ብለን የጻፍነው ቀን የገዛ ራሳችን ምስክር ሆነብን። «ዕቃውን አንተ ነክተህ አበላሸኸው» ብለን ነበር፤ ነክቶ ያበላሸውስ ማን ሆነ?

ለምን አዲሱ ሥርዓት ከተጫነ በኋላ ችግሩ በረታ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ራም እንደ ሰፊ ጎተራ ነው፤ ሥራው ትንሽ ሲሆን ጥቂቱ ክፍል ብቻ ይያዛል፤ ሥራው ሲበዛ እስከ ጥጉ ይሞላል። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው ይልቅ ራም ስለሚይዝ፥ ቀድሞ አልፎ አልፎ ብቻ ይነካ የነበረው የተበላሸ ክፍል አሁን በየዕለቱ ሳይነካ አልቀረም። አዲሱ ሥርዓት በሽታውን ገለጠው እንጂ አላመጣውም። ባይገለጥም ኖሮ ጕዳቱ ይቀጥል ነበር፤ የተበላሸ ራም ኮምፒዩተርን መጣል ብቻ ሳይሆን የሚጻፈውን ሰነድም በዝምታ ሊያበላሽ ይችላልና።

ስለዚህ ልጁ ደኅናውን ራም ብቻ ትቶ ኮምፒዩተሩን አስነሣው። በ4 ጊጋባይት አዘገመ፤ ነገር ግን አልወደቀም። ሲስተም ፋይል ቼከር በተባለው መሣሪያ የተጐዱትን የሥርዓቱን ፋይሎች አሳደሰ፤ ዲስኩንም አስመረመረ። እኛም የዕድሩን መዝገብ ከሣጥኑ ደረሰኞች ጋር መስመር በመስመር ለማመሳከር ሦስት ማታ ተቀመጥን። ልጃችን ደረሰኙን ያነባል፤ እኛ በስክሪኑ ላይ እናያለን። ገንዘቡ ሁሉ ተስማማ። በዚያው ሳምንት ዋስትና ያለው አዲስ ራም ተገዛ፤ ከመታመኑ በፊትም አንድ ሌሊት ተመረመረ።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ዕዳ ነበረብን። ቅጣቱ በአደባባይ፥ ይቅርታው በጓዳ ሊሆን አይገባም። በዚያው እሑድ፥ በእራት ላይ፥ ታናናሾቹ ባሉበት፥ «ልጄ፥ ሳንመረምር ፈርደንብሃል፤ ጥፋቱ የእኛ ነበርና ይቅር በለን» አልነው። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ክብሩ የሚቀንስ መስሎን ነበር፤ እንዳልቀነሰ አየን። ልጁም ተነሥቶ ጕልበታችንን ሳመ፤ እኛም ግንባሩን ሳምነው። እናቱም የመጀመሪያውን ጕርሻ ለእርሱ ሰጠችው። ኅዳር 28 ቀን የዕድሩ ሒሳብ በጉባኤው ፊት ተነበበ፤ ከእንግዲህ ግልባጩ በገንዘብ ያዡ ቤትም እንዲቀመጥ ተወሰነ።

አንባብያን በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው ይጠቅማቸው ዘንድ ፍሬ ነገሩን በአጭሩ እንመልሳለን። አንደኛ፥ ከጥገናው አስቀድሞ ሰነዱን በሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ይልቁንም ከመታመሙ በፊት የመገልበጥ ልማድ ይኑራችሁ። ሁለተኛ፥ የወደቀበትን ጊዜና የስሕተቱን ስም በደብተር ጻፉ። ሦስተኛ፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። አራተኛ፥ ራሙንና ሙቀቱን መርምሩ፤ ከዚያ በፊት ሥርዓቱን አትገልብጡ። አምስተኛ፥ ጥፋቱ በእርግጥ የአዲሱ ሥርዓት ሆኖ ከተገኘ፥ 10ሩ ቀን ሳያልፍ ሴቲንግስ፥ ሲስተም፥ ሪከቨሪ በሚሉት በኩል ጎ ባክ የሚለውን በማዘዝ ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል፤ ቀኑ ሲያልፍ የአሮጌው ፋይል ይሰረዛል። ስድስተኛ፥ አንዳንዱ ኮምፒዩተር ዲስኩን በቢትሎከር ስለሚቈልፍ፥ ሣጥኑን ወይም የመነሻውን ሥርዓት ከመንካታችሁ በፊት 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቍጥር ፈልጋችሁ ያዙ፤ ያለ እርሱ ሰነዳችሁ ተቈልፎባችሁ ሊቀር ይችላል። ሰባተኛ፥ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትክፈቱ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቈያልና ለባለሙያ ተዉት።

ይህን ሁሉ የጻፍነው የኮምፒዩተር አዋቂ ሆነን አይደለም፤ ልጃችን ካስተማረን ነው። ያ የታመመ ራም ዛሬ አልተጣለም፤ በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ፥ የገዛ ጽሕፈታችን ወደ ላይ እንደ ሆነ፥ ተቀምጧል። በቤታችን አንድ ነገር ተሰብሮ «ማን ነካው?» ልንል አፋችንን ስንከፍት መሳቢያውን እንስባለን፤ ካየነውም በኋላ ጥያቄያችን «ምን ሆነ?» ወደሚል ይለወጣል።